ለፋን፣ ለስፌት መኪና፣ ለካቴና፦ አንድ ዘይት ለሁሉም ይሆናል?

ሞካሪው

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ሲያዩት ቀላል ነው፤ እኔን ግን ግራ አጋብቶኛል።

እቤት ውስጥ የሚዞርና የሚንሸራተት ዕቃ ሞልቷል። የቆመ ፋን አለ። የእግር ስፌት መኪና አለ። ብስክሌት አለ። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር አሮጌ ድሪል አለ። የበሩ ቁልፍም ደስ ሲለው ይዞራል፣ ካልመሰለው እንቢ ይላል።

በእጄ ያለው አንድ ጣሳ ደብሊው ዲ 40 ስፕሬይና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ግራሶ ነው። ያስመረረኝ ፋኑ ነው። ሲጥ ሲጥ ይላል። ስፕሬዩን ስነፋበት ወዲያው ጸጥ ይላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ ብሶበት በእጅ ካልገፉት አይነሳም፤ ቆሞ ያጉረመርማል።

ሌላ ዘይት ልግዛ ብዬ ባነብ ቁጥሩና ፊደሉ አያልቅም። ቪጂ 32፣ ቪጂ 68፣ ኤስ ኤ ኢ 30፣ ኤን ኤል ጂ አይ 2... አንድ ለሁሉም የሚሆን ካለ ንገሩኝና ልገላገል።

ፈጣን_መልስ

የሞተር ዘይት፣ ወንድሜ። ለመኪና የበቃ ለፋን ያንሳል እንዴ? ጠብ አድርግበት፣ አለቀ።

የጥገና_ሰው

ፈጣን መልስ፣ እንዲህ በቶሎ አያልቅም ወዳጄ። የሞተር ዘይትን አልጠላም። ለበር ማጠፊያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ሞተር ውስጥ ጥላሸቱን ሳያረጋ ተሸክሞ ወደ ፊልትሮ እንዲያደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ፋን ላይ ፊልትሮ የለም። የተሸከመውን አቧራ ይዞት እዚያው ይዞራል። ለስፌት መኪና ደግሞ በጣም ወፍራም ነው።

ሞካሪው፣ ከፋኑ ልጀምር። ምን እንደጎደለው ምልክቱ ራሱ ይናገራል።

የቆመ ፋን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ በብረት ጥይቶች ላይ የሚንከባለልበት ቀለበት፣ የለውም። ዘንጉ የሚዞረው ከነሐስ ዱቄት ተጠቅጥቆ በተጋገረ፣ ቡሽ በሚባል ትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ቡሹ በዐይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶበታል። ከአካሉ አንድ አምስተኛ ገደማው ክፍት ነው፤ እዚያ ውስጥ ዘይት ይቀመጣል። ዘንጉ ሲዞርና ቡሹ ሲሞቅ ዘይቱ ወጣ ብሎ ዘንጉን ያረጥባል። ፋኑ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሰረጋል። ዙሪያውን ደግሞ ዘይት የጠጣ የሱፍ ቀለበት ይከበዋል፤ የጎደለውን የሚተካው እሱ ነው።

አሁን ወደ ስፕሬዩ ና። ደብሊው ዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአትላስ ሚሳይል ውጫዊ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ይቀባ ነበር። አብዛኛው ይዘቱ የሚተን ማሟሚያ ነው፤ ቀሪው ስስ ዘይት ነው። ቡሹ ላይ ስትነፋው ማሟሚያው በቀዳዳዎቹ ገብቶ የነበረውን ዘይት ያሟሟዋል፣ አጥቦም ያወጣዋል። ለጊዜው ርጥብ ስለሆነ ድምፁ ይጠፋል። ማሟሚያው ሲተን ግን ቡሹ ከበፊቱ የባሰ ደርቋል። በእጅ ካልተገፋ አልነሳ ያለህ ለዚህ ነው። በነፋህበት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየመጠጥከው ነው።

ስፕሬዩን አትጣለው። ዝገት ያነቀውን ብሎን ለማላላት፣ የረጋ ቆሻሻ ለማጠብ፣ ርጥበት የገባበትን ብረት ለማድረቅ ይሆንሃል። ከእሱ በኋላ ግን ዋናው ዘይት መግባት አለበት።

ለፋኑ እንዲህ አድርግ። ከሶኬት ንቀል። ክንፉን አውጣ። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ጸጉርና ክር ካለ በምላጭ ጫፍ ቆርጠህ ልቀመው፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱን የሚመጠው እሱ ነው። ዘንጉን በጨርቅ ጥረግ። ከዚያ ቪጂ 68 ወይም ኤስ ኤ ኢ 20 የሆነ፣ ማጽጃ ኬሚካል የሌለበት ዘይት የሱፍ ቀለበቱ ላይ ጠብ ጠብ አድርግለት። ዘንጉን በእጅህ እያዞርክ እስኪጠጣ ጠብቅ፤ ደግመህ ጨምር። የተረፈውን ጥረግ። ግራሶ እንዳታስበው፤ የቡሹን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አንድ ነገር ግን ቀድመህ ፈትሽ። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቡሹ ተበልቷል፤ ያኔ የትኛውም ዘይት አያድነውም፣ ቡሹ ይቀየራል።

ቁጥሮቹ ደግሞ አያስፈሩህ። ከቪጂ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለው ውፍረት ነው። ቪጂ 10 በጣም ቀጭን ነው። ቪጂ 220 እየተጎተተ ይወርዳል። ኤስ ኤ ኢ የራሱ ሌላ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩን ከቪጂ ጋር አታስተካክለው። ቪጂ 68 ወደ ኤስ ኤ ኢ 20፣ ቪጂ 100 ወደ ኤስ ኤ ኢ 30 ይጠጋል።

ታዲያ ስትመርጥ ከዕቃው ስም አትነሳ። ምን በምን ላይ ይፈጋል? በምን ፍጥነት? ምን ያህል ተጭኖታል? ይሞቃል ወይ? አቧራ ወይም ውሃ ያገኘዋል ወይ? የምትቀባውስ ነገር እዚያው ይቆያል ወይስ ፈሶ ይሄዳል? ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻዋን ሰው አይጠይቃትም፤ ለእኔ ግን ግማሹ ሥራ እሷ ናት።

ፈጥኖ ለሚዞርና ጭነቱ ለቀለለ ቀጭን ዘይት፣ ቀስ ብሎ ለሚዞርና ለተጫነው ወፍራም የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቢቻም ታወር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል ተሸካሚ ይፈትን ነበር። ከላይ ዘይት መጨመሪያ ቢበሳ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው እየፈለቀ ወጣ። ቀዳዳውን በእንጨት ቢወትፈው ውታፉን ገፍቶ አስወጣው። የግፊት መለኪያ ሲያስርበት ዘይቱ ጭነቱን ተሸክሞ ዘንጉን ከብረቱ አንሥቶት እንደሚዞር ታየ። ይህን በ1883 አሳተመ፤ በ1886 ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ሒሳቡን ሠራለት። እንግዲህ ያንን የሚያነሳ ግፊት የሚፈጥረው የዘንጉ ፍጥነትና የዘይቱ ውፍረት አንድ ላይ ነው። ፍጥነቱ ሲያንስ ውፍረቱ ማካካስ አለበት። ፍጥነቱ ካለ ደግሞ ወፍራም ዘይት ትርፉ ሙቀት ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። የብስክሌት ካቴና የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ፒኑ በሚዞርበት ቦታ። ውጪውን ግራሶ ብትለስነው ውስጥ አይደርስም፤ አሸዋ ለቅሞ ግን እንደ ሞረድ ይፈገፍግልሃል። ቀጭን የካቴና ዘይት በየማያያዣው አንዳንድ ጠብታ አድርግ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር፣ ትንሽ አቆየውና ውጪውን እስኪደርቅ በጨርቅ ጥረገው። አቧራ የሚበዛበት መንገድ ከሆነ የሰም ቅብ ይሻላል። ለበሩ ቁልፍ የግራፋይት ዱቄት ንፋበት፤ ዘይት ከአቧራ ጋር ተለውሶ ፒኖቹን ያጣብቃል። ዘይት ቀድሞ ገብቶበት ከሆነ መጀመሪያ አጥበህ አድርቀው፤ ግራፋይቱ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ጭቃ ነው የሚሆነው።

መርፌና_ክር

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ የስፌት መኪናውን ግን ዘለሉት። እኔ የምውለው ከእሱ ጋር ስለሆነ ልጨምር።

ሞካሪው፣ የስፌት መኪና ዘይት ነጭና ጥርት ያለ ቀጭን የማዕድን ዘይት ነው። በቪጂ ከሄድን ከ10 እስከ 22 አካባቢ። ቀለም የለውም፣ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጨርቅ ላይ ቢያርፍ እንኳ ቶሎ ከታጠበ ይለቃል። ግራሶውን ከላይኛው አካል አርቅልኝ።

ዘይት ከማስገባትሽ በፊት ጥረጊ እላለሁ ለሴቶቹ፣ ለአንተም ያው ነው። የጥርሱን ሰሌዳ በካቻቢቴ ፍታ። ከሥሩ የክርና የጨርቅ ብናኝ ተጠቅጥቆ ታገኛለህ፤ አንዳንዴ በመቆንጠጫ ካልተሳበ አይወጣም። ያ ብናኝ እያለ ዘይት ብትጨምር የሚጠጣው ብናኙ ነው፤ ብረቱ ደረቁን ይቀራል። ጠርገህ ስትጨርስ መዞሪያውን በእጅህ እያዞርክ ብረት በብረት ላይ የሚሄድበትን ሁሉ ተመልከት። እዚያ እዚያ አንዳንድ ጠብታ። ከጥርሱ ሰሌዳ ሥር የታችኛውን ክር የሚይዘው መንኮራኩር የሚዞርበት ቀለበት ላይም አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሁለተኛዋ ጨርቅህ ላይ ነው የምትወጣው። ከዚያ ክር ሳታስገባ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ንዳው፤ ነጠብጣብ መተው እስኪያቆም።

መዞሪያው በአንድ ጣት ሲገፋ መሄድ አለበት። ከከበደህ ምናልባት ብዙ ጊዜ ቆሞ የድሮው ዘይት ረግቶበታል፤ ቢጫ ሆኖ እንደ ሙጫ ይይዛል። የምግብ ዘይት የተቀባ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። የአትክልት ዘይት ከአየር ጋር ሲዋሃድ ይጠነክራል፤ በጥፍር እንኳ አይላቀቅም። እንዲህ ከሆነ ላምባ ጠብ አድርገህ አሳድረውና ቀስ እያልክ አዙረው። ሲላቀቅ የቆሸሸውን ጥረግና እውነተኛውን ዘይት ስጠው።

ስፕሬዩ ለማጠቢያ ይሆናል ባሉት ላይ ግን፣ ጋሼ፣ ለስፌት መኪና አልስማማም። የጣሳው ግፊት ብናኙን ብሩሽ ወደማይደርስበት ይገፋዋል። ላምባ በጠብታ፣ ብሩሽ በእጅ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የለም።

የቆዳ ቀበቶው ላይ ዘይት እንዳይነካ፤ ከነካ መንሸራተት ይጀምራል። የእግር መርገጫው ግን ወፍራሙን የሞተር ዘይት ይችላል፤ ፈጣን መልስን እዚህ ጋ አስታርቀነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ የፕላስቲክ ማርሹን እዩት። ለፕላስቲክ ይሆናል ተብሎ የተጻፈበት ነጭ ግራሶ ጥርሱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ማሟሚያ ያለበት ስፕሬይ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል።

የጥገና_ሰው

ተረታሁ፣ እህቴ። ለስፌት መኪና ብሩሹ ይሁን።

ሞካሪው

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁለታችሁም እጃችሁ ይባረክ። ፋኑን ፈታሁት። የሱፍ ቀለበቱ ደርቆ ሻክሯል፣ ዘንጉ ላይም እንዳሉት ጸጉር ተጠምጥሞ ነበር። ዘይቱን ሲጠጣ በዐይኔ አየሁ፤ ያረፈው ጠብታ ወዲያው ይሰወራል። አሁን ክንፉ በጣት ሲነካ ይዞራል። ነቅንቄውም አይወዛወዝም።

አሁን የድሪሉ ተራ ነው። ሁለት ኩሽኔታ አለው። የላይኛው በጥቁር ጎማ ተሸፍኖ 2 አር ኤስ የሚል ተጽፎበታል። የታችኛው ክፍት ነው፤ ውስጡ ሰማያዊ ግራሶ አለ። የእኔ ቀይ ነው፤ ቆርቆሮው ሊቲየም ይላል። ልጨምርበት? ወይስ ጥቁሩ ባለ ሞሊብዲነም ከሁሉም ይበረታል የሚሉትን ልግዛ?

የጥገና_ሰው

ቀለሙን እርሳው። ቀለም ማቅለሚያ ነው፤ አምራቹ የፈለገውን ይጨምርበታል። ሁለት ቀይ ግራሶ ፈጽሞ የማይስማሙ፣ ቀይና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ግራሶ ማለት በውስጡ ዘይት የያዘ ስፖንጅ ነው። የሚያለሰልሰው ዘይቱ ነው፤ ማወፈሪያው ዘይቱን በቦታው ይይዘዋል፣ ትንሽ ትንሽም እያለ ይለቅለታል። ማወፈሪያው የሊቲየም ሳሙና፣ የካልሲየም ሳሙና፣ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ወይም ፖሊዩሪያ ሊሆን ይችላል። የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። ለምሳሌ ሊቲየምና ፖሊዩሪያ ሲቀላቀሉ ብዙ ጊዜ ይላሽቃሉ፤ ዘይቱ ፈሶ ይሄድና ኩሽኔታው ደረቁን ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኩሽኔታ ውስጥ ፖሊዩሪያ በብዛት ስለሚገኝ እኔ ምንነቱን በማላውቀው ግራሶ ላይ አልጨምርም። ያንተንም ሰማያዊ በላምባ አጥበህ አውጣው። ኩሽኔታውን በደንብ አድርቀው። በአየር ግፊት እያሽከረከርክ ግን አታድርቀው፤ ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ራሱን ይፍቃል፣ ሊበተንም ይችላል።

ከዚያ የሊቲየሙ ኤን ኤል ጂ አይ 2 ይሆንልሃል። ይህ ቁጥር የግራሶውን ጥንካሬ ነው የሚለካው። 000 ፈሳሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፣ 6 እንደ ሳሙና ቁራጭ የደረቀ ነው። ለተራ ኩሽኔታ 2 የተለመደ ነው።

መጠኑ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚስተው። ኩሽኔታውን ጢም አድርገህ አትሙላው። በጥይቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሙላ፣ ይበቃል። ከሞላ ጥይቶቹ ግራሶውን ሲያቡኩት ይውላሉ፤ ይሞቃል። ሙቀት ደግሞ የግራሶ ጠላት ነው። በግምት ከ70 ዲግሪ በላይ በየ15 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። «ግራሶ ሞልቼው ነበር እኮ፣ ለምን ተቃጠለ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው።

የላይኛውን፣ 2 አር ኤሱን፣ አትንካው። ከፋብሪካ ግራሶው ገብቶ የታሸገ ነው። ጎማውን ፈልቅቀህ የምታስገባው ነገር ካለ አቧራ ብቻ ነው። ሻካራ ድምፅ ካወጣ ቀይረው። ማሟሚያም አትንፋበት፤ በጎማው ጠርዝ ሰርጎ ግራሶውን ያቀጥነዋል።

ሞሊብዲነሙ ጥሩ ነገር ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ለሚንቀሳቀስ፣ በኃይል ለተጫነ፣ ወዲያ ወዲህ ብቻ ለሚል ፒን ሸጋ ነው። እዚያ ዘንጉን የሚያነሳ ፍጥነት ስለሌለ ብረት ከብረት ይነካካል፤ ያኔ ጥቁሩ ዱቄት መሃል ይገባል። ፈጥኖ ለሚዞር ኩሽኔታ ግን ምንም አይጨምርልህም። ጥይቶቹ መንከባለላቸውን ትተው እንዲንሸራተቱም ሊያደርግ ይችላል። የድሪሉን ጠረጴዛ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጥርስ ላይ ቀባው፣ እዚያ ያምርበታል።

ጎማ_ለባሽ

ጎማ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ልበል። የፍሬን ጎሚኒ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ፒ ዲ ኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሠራው። ተራ ግራሶ ወይም የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ፍሬኑ ነክሶ ይቀራል። እዚያ የሚገባው ለፍሬን ጎማ ተብሎ የተሠራ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሲሊኮን ግራሶ ነው። በተቃራኒው የሞተር ፓራኦሊዮ፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት፣ ዘይት ከሚችል ጎማ ስለሚሠራ ዘይት አያስፈራውም። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ በዐይን አይለዩም።

የጥገና_ሰው

ጥሩ ጨመርክ። ሲሊኮኑን ግን ብረት በብረት ለሚፋጭበት አትውሰዱት። ለጎማና ለፕላስቲክ ጎበዝ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሲጫነው ግን ቶሎ እጁን ይሰጣል።

ሞካሪው

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አላስቸግርም። ዕቃ ማንሻ ዊንች አለኝ። የማርሽ ሳጥኑን ስከፍተው አንዱ ማርሽ ነሐስ ነው፤ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብረት ነው። ዘይቱ ጎድሏል። ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሆን ጂ ኤል 5 ተርፎኛል። እሱን ልሙላበት?

የጥገና_ሰው

አትሙላበት። በጂ ኤል 5 ውስጥ ከባድ ጭነት እንዲችል የሚገባ የሰልፈርና ፎስፈረስ ቅመም አለ። ሳጥኑ ሲሞቅ ሰልፈሩ ነሐሱን ሊበላው ይችላል። ያ ዓይነት ማርሽ ከመንከባለል ይልቅ መንሸራተት ስለሚበዛበት ደግሞ በደንብ ይሞቃል። ለእሱ የሚሆነው ወፍራም፣ ብዙውን ጊዜ ቪጂ 460 ወይም 680፣ ለነሐስ ማርሽ ይሆናል የተባለ ዘይት ነው።

ከመጨመርህ በፊት ግን ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በጨርቅ ጠርገህ አንብበው። ፒ ኤ ጂ የሚል ካየህ ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ ዘይት እንጂ የማዕድን ዘይት አይደለም፣ ከማዕድን ዘይትም ጋር አይዋሃድም። ያኔ ያንኑ ፒ ኤ ጂ ፈልገህ ጨምር። ሰሌዳው ከሌለ ወይም ከተፋቀ ሁሉንም አፍስስ፣ ሳጥኑን አጥበህ አድርቅና በአዲስ ጀምር። ያፈሰስከውን ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገህ ብርሃን ላይ እየው። ወርቃማ ብናኝ ካብለጨለጨ ነሐሱ መበላት ጀምሯል፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሳታይ ምንም ዕቃ እንዳታነሳበት።